በግፊ የምትነሳው መኪና

ባለፈው ዓመት አሶሳ ውስጥ ለቀድሞ ፖሊሶች በተዘጋጀ የምሳ ግብዣ ላይ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ተነስቶ፣ በወጣትነቱ የመንግሥት መኪና ከደራሽ ውሃ አፍ እንዴት እንዳወጣ አወራ። ሁለት እጁን ዘርግቶ በባዶ አየር ላይ መሪ እየዘወረ፣ ጎንበስ ቀና እያለ ነው ያወራው። አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የማንጎ ጭማቂ እጠጣ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ፖሊስ፣ እትዬ፣ በዚያ ጊዜ እርስዎም እዚህ ነበሩ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ነበርኩ አልኳት። ጭማቂዬንም ጨረስኩ።

ያንን ወንዝ መኪናዋን ይዤ የተሻገርኩት እኔ ነኝ።

ስም አልጠራም። ያ ሾፌርም፣ ያኔ አለቃችን የነበረው ሃምሳ አለቃም ራሳቸውን ያውቃሉ። ማንን እንዳገባሁ፣ ማንን እንደቀበርኩ ለማወቅ ይህን የሚያነብ ካለም አይድከም፤ አያገኘውም። የምጽፈው ስለ አንዲት መኪናና ስለ መሪዋ ነው።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ሰሌዳው አዲስ፣ ሹሙም ወንበሩ ላይ መቀመጥን ገና የሚለማመድ። እኔ በልጅነቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ከመጡ ቤተሰቦቼ ጋር ባምባሲ አጠገብ ያደግሁ ነኝ። የክልሉ ፖሊስ ምልምል ይፈልጋል ሲባል አባቴ ሳይሰማ በእግሬ ተነሳሁ። ማሠልጠኛው ውስጥ የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የሺናሻው፣ የኦሮሞው ልጅ ሁሉ በአንድ ፉጨት ይነሳል፣ በአንድ ፉጨት ይተኛል። ማደሪያችን ግድግዳው ቀርከሃ ስለነበር የወንዶቹ ማንኮራፋት እኛ ሴቶቹ ዘንድ ድረስ ይሰማል። ቡትስ ጫማዬ ስለሰፋኝ ጨርቅ ጠቅጥቄበት ነበር የምሮጠው። ያም ሆኖ በቀዩ መንገድ ላይ እየዘፈንን ስንሮጥ፣ የገበያ ሰው ዳር ይዞ ሲያየን፣ ደረቴ ሊፈነዳ ይደርስ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ የደንብ ልብስ ለብሻለሁ፤ ማንም ሰፋሪ ብሎ የሚጠራኝ የቀረ መሰለኝ።

አልቀረም። ስንመረቅ ወንዶቹ ወደ ጥበቃ፣ ወደ ትራፊክ፣ ወደ መዝገብ ቤት ተመደቡ። እኔ ወደ ወጥ ቤት። በተኩስ ከሾፌሩ እበልጥ ነበር፤ ዒላማው ምስክሬ ነው። ሃምሳ አለቃውን ሾፌርነት እንዲያሠለጥኑኝ ስለምነው በሰው ፊት እንዲህ አለኝ፦ «ሴት መሪ ከያዘች መኪናው ዞሮ ዞሮ ወጥ ቤት ነው የሚገባው።» ሁሉም ሳቀ። ሾፌሩማ ሳቁ ካበቃ በኋላም ብቻውን ሲስቅ ቆየ።

መኪናችን ከሌላ መሥሪያ ቤት በውርስ የመጣች አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ባትሪዋ ስለሞተ በቁልፍ አትነሳም፤ በግፊ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የሚያቆማት አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ተዳፋት ላይ ብቻ ሲሆን፣ ጎማዋ ሥር የድንጋይ ታኮ ይደረጋል። አሶሳ ውስጥ የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ እንደ እኛ የሚያውቅ አልነበረም። ሻይ ቤቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሜዳ ላይ ከሆነ ሾፌሩ አይገባበትም።

ግቢያችን ግን ሜዳ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ይገፋል። ሾፌሩ ትከሻው ሰፊ ስለነበር ከገፊዎቹ ጋር ይሰለፋል፤ ፍሪሲዮን የሚይዝ ደግሞ ቀላል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ከወጥ ቤት ይጠሩኛል፤ ሽንኩርት በሸተተ እጄ መሪ እይዛለሁ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ረግጬ እጠብቃለሁ፤ ፍጥነት ስታገኝ እለቃለሁ፤ ሞተሩ ያገሳል። ከዚያ ውረጂ ይሉኛል። በየቀኑ እንደዚህ ነው፤ ሞተሩን እኔ አስነሳለሁ፣ እሱ ይነዳል። እሁድ እሁድ መኪናዋን ማጠብ የእኔ ተራ ስለነበር ግቢው ባዶ ሲሆን ትንሽ ትንሽ አሽከረክራት ነበር። ይህን ሾፌሩ ያውቃል። ዝም የሚለው ልብሱን ስለማጥብለት ነው።

አንድ መስከረም ላይ አዲሱን የክልል ባንዲራ ኩርሙክ ወስዳችሁ ጣቢያው ላይ ስቀሉ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሃምሳ አለቃው፣ ሾፌሩ፣ አንድ የኩርሙክ ተወላጅ የሆነ የበርታ ፖሊስና እኔ ወጣን። እኔ የተወሰድኩት ምግብ እንዳበስል ነው። የኩርሙኩ ልጅ አማርኛን ያወቀው ትልቅ ሆኖ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው። እኔንም አንተ ይለኛል። አርሜው አላውቅም። በዚያ ግቢ ውስጥ ከተጠራሁባቸው መጠሪያዎች ሁሉ የሚሻለኝ እሱ ነበር።

መንገዱ መንገድ አልነበረም። ከኋላ ከድስትና ከባንዲራ ጋር ተቀምጬ፣ ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር እየነጠርኩ፣ ዓይኔ በኋላ መስታወቱ በኩል የሾፌሩ እጅ ላይ ነበር። ማርሹን የት እንደሚቀይር፣ ዳገቱን እንዴት እንደሚጀምረው፣ ሁሉንም እጠጣዋለሁ። እንዲያውም አንዳንዴ እግሬ ድስቱን እንደ ፍሬን ይረግጥ ነበር።

ኩርሙክ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንድ ወንዝ አገኘን። ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ታቹ ጠጠር። ሃምሳ አለቃው መኪናዋን አየ፣ ራሱን አየ። ቀይ አቧራ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ጋግሯል። አዲስ ክልል አቧራ ለብሶ አይገባም፣ መኪናዋም እኛም እንታጠብ አለ። ሾፌሩ አፍንጫዋን ወደ ወንዙ አድርጎ ተዳፋቱ ላይ፣ የፊት ጎማዋ ውሃ እስኪነካ አወረዳት። ነዳጅ የመንግሥት ነው፣ አጥፋ አለው አለቃው። አጠፋ። ስንሄድ በተዳፋቱ ተንከባልላ ወንዙ ውስጥ ትነሳለች፤ ልማዳችን ስለሆነ ማንም አላሰበበትም። ታኮ ተደረገ። ሃምሳ አለቃውና ሾፌሩ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ወግ ባለው አስተጣጠፍ አጥፈው፣ ንጹሕ እንዲቆይላቸው ጋቢና ውስጥ አስቀመጡት።

እኔ ሴት ስለሆንኩ ጀሪካን ይዤ ወደ ላይ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ሄጄ የሚጠጣ ውሃ እንድቀዳ ታዘዝኩ። ሰማዩ ብራ ነበር። ጀሪካኑ ሊሞላ ሲል ውሃው ላይ ቅጠል መጣ፤ ቀጥሎ አረፋ፤ ቀጥሎ የውሃው መልክ ተለወጠ። ከዚያ ከላይ፣ የተጫነ የጭነት መኪና ዳገት ሲታገል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። በዚያ መንገድ ደግሞ የጭነት መኪና አልነበረም። አንዱ ተራራ ላይ ዘንቧል ማለት ነው።

ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ። መታጠፊያውን ሳልፍ ሃምሳ አለቃው ሳሙና በሳሙና ሆኖ ቆሟል። ሲያየኝ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ።

«ቁሚ! ፊትሽን አዙሪ!»

ሥልጠና መጥፎ ነገር ነው። እግሬ ከጭንቅላቴ በፊት ታዘዘና ዞርኩ። የዞርኩትም ወደ መጣሁበት፣ ወደ ውሃው ነበር። ደራሹ ግንድ እያንከባለለ መታጠፊያውን ሲዞር አየሁት።

«ጌታዬ፣ ዞሬያለሁ» አልኩ፤ «ውሃውም በዚሁ እየመጣ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም ፊቴ ወዴት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሁለቱ ራቁታቸውን ወደ ዳር ሮጡ። መኪናዋ ግን እዚያው ናት። ዳገቱን ወደ ኋላ ገፍቶ የሚያወጣት ጉልበት በአካባቢው አልነበረም። መውጫዋ ወደ ፊት፣ ወደ ውሃው ብቻ ነው። የኩርሙኩ ልጅ ከኋላ ሆኖ ጣራዋን ሲወለውል ነበርና ሱሪውን አላወለቀም። ዘሎ ወረደ፣ ታኮው ላይ ጎንበስ አለና ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ አንተ ግባ!»

ገባሁ። የሃምሳ አለቃው ሱሪ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። ታኮው ሲነሳ መኪናዋ ሥራ ፈትቶ እንደ ከረመ በሬ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ወረደች። የኩርሙኩ ልጅ ከኋላ ዘሎ ሲወጣ ድስቱ ሲንኳኳ ሰማሁ። ውሃው በሁለት ጎን እንደ ክንፍ ተነሳ። ቶሎ ከለቀቅሁ ታንቃ ትቀራለች፤ ካዘገየሁ ወንዙ መሐል ጉልበቷ ያልቃል። ያን ሁሉ ጠዋት ሽንኩርት ጥዬ ስጠራ የተማርኩት ይህችን አንዲት ቅጽበት ነበር። ለቀቅሁ። ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አገሳች። እኔም አብሬያት ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም። ውሃው በሩን መታው፣ የኋላ ጎማዋ ተንሸራተተ፣ መሪውን ያዝኩት፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ የማዶውን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ወጣች። ዞር ብዬ ሳይ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው።

በዚያኛው ዳር ሃምሳ አለቃውና ሾፌሩ በሳሙና ነጥተው ቆመዋል። የሚለብሱት እኔ ሥር ነው።

አለቃው እጁን እያወዛወዘ አንድ ነገር ይናገራል፤ ውሃው አያሰማም። የኩርሙኩ ልጅ ምን ይላሉ ስለው፣ ሂድ ነው የሚለው አለኝ። እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ሞተሩ ግን ከጠፋ አይነሳም፣ ወንዙም ለሰዓታት አይጎድልም። ሄድን።

ያንን መንገድ እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ ሳቅሁ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሞተሯ የተነሳ፣ ግፊ የማትሻ መኪና በእጄ ነበረች።

ኩርሙክ ስንገባ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ጋቢናውን ከፍቼ ስወርድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ የሚወርድ ሰው ፈለጉ።

«ወንዶቹ የታሉ?»

«ወንዝ ማዶ ናቸው አባቴ» አልኩ። «እየታጠቡ ነው።»

የኩርሙኩ ልጅ በበርታ ቋንቋ ዘርዝሮ ተረጎመላቸው። ረጅም ትርጉም ነበር፤ ምን እንደጨመረበት አላህ ይወቅ። ሽማግሌው ወላሂ፣ ወላሂ እያሉ በምርኩዛቸው መሬቱን ደበደቡ፤ ሳቁ ከሰው ወደ ሰው እስከ ገበያው ድረስ ሄደ።

ውሃው ሲጎድል አመሻሹ ላይ ሁለቱ በአንድ ነጋዴ መኪና ደረሱ። የነጋዴው ሰዎች ያዋሷቸውን ጀለቢያ ለብሰዋል፤ የአለቃው ቁርጭምጭሚቱ ጋ አልደረሰም። ልጆች ተከተሏቸው። ባንዲራው በማግሥቱ ተሰቀለ። ስንሰናበት ሽማግሌው መኪናዋን በምርኩዛቸው ነካ አድርገው፣ ያመጣው ይመልሰው አሉ። ሕዝብ ቆሞ ያያል፤ ሃምሳ አለቃው እንቢ ማለት አልቻለም። ተዳፋት ላይ ነበረች፤ ለቅቄ አስነሳኋት።

በመንገዱ ሁሉ ሃምሳ አለቃው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ለሾፌርነት ሥልጠና ስሜን ይልክልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። እናያለን አለ። ሾፌሩ ከኋላ ከድስቱ ጋር ነበር። አሶሳ ገብተን የግቢያችን በር ሲታይ አለቃው ክንዴን ነካኝ።

«ቁሚ። ውረጂ። ይዞ የሚገባው ሾፌሩ ነው። ወንዙ ላይ የሆነው እዚያው ወንዙ ላይ ቀርቷል።»

ቆምኩ። ቦታው ሜዳ ነበር። መሪውን አየሁት። አሁን ከወረድኩ ዕድሜዬን ሙሉ ወጥ ቤት ነኝ። እጄን ወደ ቁልፉ ሰድጄ አጠፋሁት።

«ጌታዬ» አልኩ፤ «ጠፋች።»

ሜዳ ላይ የጠፋች መኪና ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንዶቹ ይገፋሉ፣ ፍሪሲዮን እኔ እይዛለሁ። ልማዱን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሃምሳ አለቃው ወረደ። ሾፌሩም ወረደ። የኩርሙኩ ልጅ ከመሐላቸው ገባ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስታወቱ አየሁት፣ በድካም እንዳይመስላችሁ።

ገፉ። ፍጥነት አገኘች። ለቀቅ አድርጊው ይላል ሾፌሩ። አልለቀቅሁም። በሩን አለፍን። ጥበቃው ሰላምታ ሰጠ፤ ለማን እንደሰጠ ግን እሱም የገባው አልመሰለኝም። በወጥ ቤቱ አጠገብ አለፍን፤ እዚያም አልቆምኩም። ልቀቂው አለ አለቃው፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ዋናው አዛዥ ጩኸቱን ሰምተው ቢሮአቸው በረንዳ ላይ እስኪወጡ ጠበቅሁና ለቀቅሁት። እፊታቸው አገሳች።

አዛዡ እኔን አዩ፤ ከኋላ በላብ የተጠመቁትን ሁለቱን አዩ።

«ማን ነው የነዳው?»

ሾፌሩ አፉን ከፈተ፤ የኩርሙኩ ልጅ ግን ቀደመው።

«እህቴ ነዳ። ወንዝም ነዳ፣ ኩርሙክም ነዳ።»

በማግሥቱ ከወጥ ቤት ሲጠሩኝ ሽንኩርቱን ጥዬ ወጣሁ፤ መኪናዋ ስትነሳ ግን ውረጂ ያለኝ አልነበረም። መንጃ ፈቃዴንም በዚያው ዓመት አወጣሁ። ያንን ግቢ እስክለቅ መሪ ላይ ነበርኩ።

አዛዡ ሞተዋል። የኩርሙኩ ልጅም ሞቷል፤ አፈሩ ይቅለለው። ሃምሳ አለቃው እንደሆነ ይህን አይመሰክርም፤ ያ ሾፌር እኔ ከኋላ መቀመጤን ሳያይ ምስክር ያለቀ መስሎት ነው ምሳ ግብዣ ላይ እጁን የዘረጋው። እውነቱን ለመናገር፣ ደራሽ ውሃውን በደንብ አወራው፤ ከዳር ቆሞ ስላየው አይፈረድበትም። ከበሩ እስከ አዛዡ ቢሮ ያለውን ግን ዘለለው። እሱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱ ሊያወራው ይችል ነበር፤ የገፋው እሱ ነዋ።