የኮንዳክተሩ የእርሳስ ምልክቶች

የኦርኬስትራችንን ኮንዳክተር እንቀው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ለሞተ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ የሰገደ ሽማግሌ ነው። ሌላ ሙዚቃ ያልተጻፈ ይመስል በጋ መጣ ክረምት መጣ የዚያኑ ሰውዬ ሲምፎኒ ያስጫውተናል። ሙዚቃው ደግሞ እንደ ካፊያ ነው፤ ወይ አይዘንብ ወይ አያባራ። እሱ ግን ዝግ ያለው ክፍል ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ እንባውን ያወርዳል። እኔ ሳቄ ይመጣል።

እኔ አገር ቤት በጦሩ ሙዚቃ ክፍል ዐሥራ ሁለት ዓመት ክላርኔት የነፋሁ ሰው ነኝ። በኛ ማርሽ ስንት ሻለቃ ጦር ተራምዷል! ቶሮንቶ ግን ቀን ኢቶቢኮ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ እውልና፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ከጡረተኛ የጥርስ ሐኪሞች ጋር ሁለተኛ ክላርኔት እነፋለሁ። ሁለተኛ! የኖታው ጠባቂም እኔው ነበርኩ።

በሙያው ደንብ፣ በኪራይ የመጣ ኖታ ከመመለሱ በፊት ተጫዋቾች በእርሳስ የጻፉበት ምልክት ሁሉ በላጲስ ይጠፋል። አንድ የጸደይ ቀን ኮንዳክተሩ ሁለት ሳጥን ኖታ አስረከበኝ፤ አንዱ የኪራይ፣ አንዱ የራሱ። የትኛው የማን እንደሆነ ነግሮኛል። እኔ ግን ሰውዬው ስለዚያ ደራሲ ማውራት ሲጀምር አላዳምጠውም።

ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ባለው ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አንዱን ሳጥን ዘረገፍኩት።

«ይሄን ሁሉ ኢሬዝ ልታደርገው ነው?» አለች ባለቤቴ። «ስንት ሰው ለፍቶበታል!»

«የሥራ ፈት ጽሕፈት ነው» አልኳት። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ሳጠፋው ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ያጠፋሁት የራሱን ነበር። የት ለስለስ፣ የት ጠንከር፣ የት ቆም እንደሚባል በየተጫዋቹ ወረቀት ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጁ የጻፈውን። ከበጋው እረፍት በኋላ በመስከረም ያንኑ ሲምፎኒ ለመጨረሻ ጊዜ መርቶ ሊሰናበት ነበር። ስመልስለት ሳጥኑን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«በደንብ አጽድተኸዋል» አለና ሳጥኑን ታቅፎ ወጣ።

የበጋው እረፍት አልቆ ስንመለስ ወረቀቶቹ ሁሉ እንደገና ተጽፈውባቸው ጠበቁን። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መስመሮቹ ተጣመዋል፤ ግን አንድም አልቀረም፣ ሁሉንም በቃሉ ይዞታል። አይ ግትርነት፣ አልኩ በልቤ።

የራሴን ወረቀት ገለጥኩ። ዝግ ባለው ክፍል መካከል እኔ ያላጠፋኋት፣ ድሮ ያልነበረች አንዲት የትንፋሽ ምልክት አለች። ትንፋሽ እያጠረኝ፣ ማን ያውቅብኛል ብዬ ሁልጊዜ ሁለት ኖታ የምዘልበት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጣት። አንድም ቀን ተናግሮኝ አያውቅም።

ልምምዱ ተጀመረ። እዚያ ቦታ ስደርስ ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ እጁንም ጥቂት አዘገየልኝ። ተነፈስኩ፤ ሁለቱንም ኖታ ነፋኋቸው። ቀና ብዬ ልየው ግን አልቻልኩም።