የወይራዋ ዱላ

ቆቦ ላይ ያሰሩን መኪና አስቁማችኋል ብለው ነው። በዚያ ክፉ ቀን፣ ርሃባችንን እንዲያዩልን ብለን ልጆቻችንን ታቅፈን ከባለሥልጣኖቹ መኪና ፊት መንገዱ ላይ ተቀመጥን።

ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ይፋጃል። ውስጡ እኔ፣ ጡቴ የነጠፈባት ሕፃን ልጄና አንዲት የራያ እናት ነበርን። እሳቸው እስላም ናቸው፤ መንገዱም ላይ አጠገቤ ነበሩ። አንድ እግራቸው አይታዘዝም፤ የሚቆሙት በወይራ ዱላቸው ነው።

ምራታቸው ማለዳ ማለዳ ከተረፈቻቸው አንዲት ፍየል ወተት በቅል ታመጣላቸዋለች። እሳቸው አይቀምሱትም፤ ለልጄ ነው። ግን ቀትር ሳይደርስ ይበላሻል፤ ልጄም የጠጣችውን ታስመልሰዋለች። እያየኋት ማልቀሱን ተወች።

«ቅሉ ስላልታጠነ ነው» አሉኝ። «ምራቴስ ወይራ ከየት ታምጣ?» ዱላቸውን አገላበጡና በሩን የሚጠብቀውን ፖሊስ ዘበኛ ጠሩት።

«ልጄ፣ ይቺን ፍለጥና ከፍም ጋር አምጣልኝ።»

«እማማ፣ በሰው ላይ እንዳያነሷት ልቀማዎ ሳስብ ራስዎ ሰጡኝ? ማገዶ ከሆነ የኛ ግራር አለ።»

«ያንተ ግራር ወተት መች ያውቃል?»

«በምን ሊሄዱ ነው?»

«በአላህ።»

ሳቀ፤ ዱላዋን ተቀበላቸው። ፈልጦ፣ ፍሙን በገል ይዞ መጣ። እሳቸው ስንጣሪውን ከፍሙ ጋር ቅሉ ውስጥ ጨምረው አፉን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ወይራን አያቶቼ በኦሮምኛ ኤጀርሳ ይሉታል። በቁርኣን ዘይቱን ነው፤ አላህ የማለበት።»

«የኛም ጌታ የጸለየው ደብረ ዘይት ነው፤ የወይራ ተራራ ማለት ነው» አልኳቸው።

«እንዲያማ ከሆነ ልጅሽ በሁለታችን ዛፍ ታድጋለች።»

ቅሉን ለምራታቸው ላኩት፤ በማግስቱ ወተት ይዛበት መጣች። ቀትር አለፈ፤ ወተቱ ደህና ነበር። ልጄ ጠጣች፤ አላስመለሰችም። እንቅልፍ ወሰዳት።

የወረዳው ሹም ሲያስጠራን ዘበኛው ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ።

«ተው ልጄ፣ በፖሊስ ተደግፌ ሹም ፊት አልቆምም።»

ልጄን አዝዬ ጎናቸው ቆምኩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ሹሙ መንገድ ላይ ማን እንዳስቀመጠን ጠየቀ።

«ርሃብ» አሉት፣ ቀጥ ብለው እንደቆሙ።

ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። በደብረ ዘይት እሑድ ሳስቀድስ፣ ቄሱ የተራራውን ስም ሲጠሩ ያ እጅ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል። አጥንት ብቻ ነበር፤ ምንም አይከብድም። ተመስገን እላለሁ።