የአልጣሽ ፀጉር ቤትና ሶላሩ

እኔ ተሻለ፣ ዲላ ገበያ መሃል ጄኔሬተር እጠግናለሁ። ጎረቤቴ አልጣሽ ደግሞ የወንዶች ፀጉር ቤት አላት። መጀመሪያ ላይ ሴት ወንድ ትላጫለች ብሎ ያልሳቀባት አልነበረም፤ አሁን እነዚያው ሰዎች ቅዳሜ ተሰልፈው ይጠብቋታል። ይበላቸው!

በሁለት ሺህ አንድ መብራት በፈረቃ ሆነና ሰፈራችን በጄኔሬተር ጭስ ታፈነ። በሬዲዮ ስለ ካርቦን ልቀት ሲወራ እሰማለሁ፤ እኔ የማውቀው ግን የአልጣሽ ጄኔሬተር ጭስ ከሱቋ ጀርባ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን እትዬ ፈይዛን እንደሚያስላቸው ነው። አስም አለባቸው። ባለቤታቸው ሐጂ ኸይረዲን፣ የሱቁ አከራይ፣ አንድ ቀን ወርደው፣ "አልጣሽ፣ እንደ ልጄ ነው የማይሽ፤ ግን እስከ ቅዳሜ ሳምንት ይሄን ጭስ ካላጠፋሽ ሱቁን ልቀቂልኝ" አሏት።

"ሶላር ልግጠምልሽ" አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

ሁለት ሰሌዳ ጣራዋ ላይ፣ አንድ ባትሪ ሱቋ ውስጥ ገጠምኩላት። ጠዋት ቶንዶሱ ያለ እንከን ይሠራል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ጭጭ። ረቡዕ ደንበኛዋ መምህር ገሪማ ግማሽ ጭንቅላታቸው ተላጭቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ቁጭ አሉ። እሱ ተነሳ፣ ፎቅ ላይ ደግሞ ሳሉ ተነሳ። ሐሙስም እንደዚያው። ሽቦ ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ። ሰፈሩ፣ "ጄኔሬተር ሠሪው ሆን ብሎ ነው፣ እንጀራው እንዳይቀርበት" ማለት ጀመረ። ደሜ ፈላ!

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሱቋ ጓሮ በተደገፈው መሰላል ጣራው ላይ ወጣሁ። ሁለቱም ሰሌዳዎች በሸራ ተሸፍነዋል፤ ነፋስ እንዳይገልጠው ዳር ዳሩ በድንጋይ ተጭኗል።

"አልጣሽ! ማነው ይሄን ያለበሰው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ተሻለ። በየቀኑ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሸፍነዋለሁ።"

"ለምን?"

"ለምን ይባላል? የቀትር ፀሐይ አይደል እንዴ! ይሰነጠቃላ!"

አልጣሽ ጨለለቅቱ ከተማ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። እዚያ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ የታጠበ ቡና በቀትር ካልተሸፈነ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ መሸፈን የረሳ ሠራተኛ ወዮለት። ሶላሩንም እንዲያ በእናት አንጀት ስትንከባከብልኝ ነበር። ልጮህባት አፌን ስከፍት ሳቄ አመለጠኝ። ባትሪው የሚሞላው በዚሁ የቀትር ፀሐይ መሆኑን ስነግራት እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ሱቄን በገዛ እጄ ላጣው ነበር?" አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐጂ መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። አልጣሽ ሰው ትላጫለች፣ ዓይኗ ግን ኮርኒሱ ላይ ነው፤ ሶላሩ ራቁቱን ፀሐይ ላይ መዋሉ አላስቻላትም።

"ዝም ብለሽ ላጪ!" አልኳት።

አሥር ሰዓት ሆነ፤ ቶንዶሱ ይሠራል። አሥራ አንድ ሆነ፤ ይሠራል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

እትዬ ፈይዛ ከፎቅ ወረዱ። "ዛሬ ሥራ የለም እንዴ? ጄኔሬተሩን አልሰማሁትም።"

"ሞልቷል እንጂ፣ እትዬ!" አለች አልጣሽ፣ ቶንዶሱን ከፍ አድርጋ እያሳየች።

ሐጂ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉና፣ "በይ፣ ሱቁ ያንቺው ነው" አሏት። እልል አለች፤ የሚላጨው ሰውዬ ደንግጦ ተነሳ።

እትዬ ፈይዛ ወንበር አስወጡና መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ስድስት ወር መስኮት ዘግተው የከረሙት ሴትዮ፣ ሐጂ ሁለቴ ቢጠሯቸውም፣ "ቆዩ፣ ልተንፍስበት" ብለው አልገባም አሉ።