አክስቴ ስለዋጠችው ቀይ እንክብል

በጥቅምት ወር አክስቴን ወይዘሮ ዘነበችን ለሐኪም ለማሳየት ከኦጎልቾ ወደ አሰላ ተነሣን። አምና ከጡቷ የካንሰር እብጠት ወጥቶላታል። አሁን ራሷን እያመማት፣ እያስመለሳት ሰነበተችና በሽታው ተመልሶ እንዳይሆን ሰጋን።

ጠዋት

የቀበሌ ይለፍ ይዘን አንድ የጭነት መኪና ጋቢና ገባን። መንገዱ አቧራ ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ቀዘቀዘ፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ የጭላሎ ተራራም ጥርት ብሎ ይታያል።

ኬላው ላይ ስንቆም አክስቴ ከመቀነቷ ቀይ እንክብል ፈትታ ዋጠች። ቫይታሚን ኤ ነው። የጤና ሠራተኛው ሕፃናትን ዳፍንት እንዳይዛቸው ብሎ ለእናቶች ሲያድል፣ ደም ውስጥ ካንሰርን ሳይቀር የሚዋጉ ዘበኞች አሉ፣ ቫይታሚኑ ያበረታቸዋል ብሎ አስተማረ። በእኛ ሰፈር በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ፊት እንቁላልና ወተት ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ የየልጁን እንክብል ለአክስቴ ያመጣላት ጀመር።

«ዘበኞቼ ቁርስ አልበሉም» አለችው ሾፌሩን። እሱ የኔዎቹ ጥሬ ሥጋ ነው የሚወዱት ብሎ አሳቃት። ለእኔ ግን በጆሮዬ፣ ጎረቤቶቻችን እንዳይከሰሱ ስለ እንክብሉ ለሐኪሙ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ።

አሰላ፣ ከቀትር በኋላ

በጋሪ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት አየ፤ የተሰነጣጠቀ ከንፈሯንም ተመለከተ። የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቃት የለም አለች። ካንሰሩ ወደ ጭንቅላቷ ሳይዛመት አልቀረም፣ አዲስ አበባ እልካታለሁ ብሎ መጻፍ ጀመረ።

እንግዳ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ያን ጊዜ ግን ወጣ።

«ዶክተር፣ የልጆቹን ቀይ እንክብል ትውጣለች። በየሦስት ቀኑ፣ ከነሐሴ ጀምሮ።»

አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እናቴ፣ አንዷ እኮ ለአንድ ልጅ ስድስት ወር ትበቃለች።»

«እኔ ታዲያ ልጅ ነኝ?»

ሳቀ። ቫይታሚኑ የደም ዘበኞችን መርዳቱ እውነት ነው አለ፤ ካንሰርን በመዋጋት ምን ያህል እንደሚያግዛቸው ገና እየተጠና ነው። ሲበዛ ግን ጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል። እንክብሉን አቁማ ሁለት ሳምንት አሰላ እንድትሰነብት፣ ካልተሻላት አዲስ አበባ እንድትሄድ አዘዘ።

ዘመድ ቤት ሰነበትን። በሳምንቱ ማስመለሱ ቆመ፤ ከዚያ ራስ ምታቱም ለቀቃት። ሐኪሙ ዓይኗን ደግሞ አይቶ፣ ይዘሻት ወደ ቤታችሁ ሂጂ አለኝ።

ኦጎልቾ

ጠያቂው ቤቱን ሞላው። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ እንክብል ይዛ መጣች። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «አፍ ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ዝምታዬን እስከዚያ ጉዞ ድረስ ጨዋነት እለው ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ቆሜ፣ አክስቴን ያሳመማት እንክብሉ መብዛቱ እንደሆነ፣ ለልጆቹ ግን እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። እትዬ ከድጃ እዚያው ደጃፍ ላይ ልጇን ጠርታ የእንክብሉን ጫፍ ቆርጣ አፉ ውስጥ ጨመቀችለት።