ውሃ የፈራችው ውሻዬ

በሱዳን ጠረፍ ባለችው ከተማችን በኮኪት የጥቅምት ቀትር ሰውም ከብትም ጥላ የሚሻማበት ሰዓት ነው። በግቢያችን ያለው ጥላ አንድ ራኩባ ብቻ ነው፤ በቋሚ እንጨቶች ላይ የማሽላ አገዳ የተረበረበበት ዳስ። ከሥሩ ባለቤቴ ከድንበር ማዶ ከገላባት ያስመጣው ዚር ተቀምጧል። ዚር ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያልበው ይውልና ከታች ጠብ ጠብ ይላል። የሚንጠባጠበውን የምትቀበለው ሳህን የውሻዬ ናት።

ውሻዬ ትንሽ ናት። ከጎጃም ለሰሊጥ አረም የመጣ ሠራተኛ በጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ አምጥቷት፣ ሲመለስ ግቢያችን ጥሏት ሄደ። ከጉልበቴ በታች ቀረች፤ ጩኸቷ ግን የሰባት ውሻ ነው። ባለቤቴ ክረምቱንም ምርቱንም እርሻ ላይ ነው የሚከርመው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የማወራው ከሷ ጋር ነው። አንድ ክረምት አልጋዬ ሥር እባብ ተጠምጥሞ ቢያድር፣ እሷ ጮኻ ነው የተረፍኩት። ይህን የማነሳው «ለውሻ ይህን ያህል!» እያለ የሚስቅብኝ ሰው ስላለ ነው። ይሳቅ።

የዚያን ቀን እሷ ሳህኗ ላይ አጎንብሳ ትጠጣለች፣ እኔ በጀሪካን ዚሩን እሞላለሁ። የግቢያችን በር መዝጊያ አልነበረውም። የነበረውን የክረምት ነፋስ ጣለውና ባለቤቴ «ከምርት በኋላ» አለኝ። በኛ ቤት ከምርት በኋላ የማይሠራ ነገር የለም። በዚያ ክፍት በር ከመንገዱ ማዶ ያለው የሰሊጥ መጋዘን ውሻ ገባ። ቁመቱ ጥጃ ያህላል፤ ቀን ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፤ መኪና ሲጫን በተነሳው ግርግር በጥሶ ነው የወጣው። አልጮኸም፣ አላጉረመረመም። ዝም ብሎ መጥቶ አንገቷን ያዘና ከመሬት አነሳት። ጀሪካኑን ወረወርኩበት። ውሃው በላያቸው ተደፋ፤ እሱ ግን አለቀቃትም። የመጋዘኑ ጥበቃ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ነጠላቸውን ጥለው እየሮጡ ደርሰው በተበጠሰው ሰንሰለት አንቀው ጎተቱት። እሷ ጭቃው ላይ ወደቀች፤ ከዚያ ተነስታ ቤት ገባችና አልጋዬ ሥር ተደበቀች።

የመጣልን የእንስሳት ሐኪም ቁስሏን አጥቦ መርፌ ወጋትና ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሳቸው በኀፍረት ውሻቸውን ሊገድሉት ከመጋዘኑ ቋሚ ጋር አስረውት ነበር። እኛ አገር የነከሰ ውሻ ወዲያው ይገደላል፤ ከተገደለ በኋላ አብዶ ይሁን ጤነኛ ማንም አያውቅም።

«እንዳይገድሉት» አላቸው ሐኪሙ። «አስረው ይዩት። ሁለት ገበያ እስኪያልፍ ደህና ከሆነ እሷም በሽታው አልያዛትም ማለት ነው።»

«ደህና ካልሆነስ?» አልኩት።

እጁን በሳሙና ይታጠብ ነበር። «አንቺም እንደኔ ታጠቢ» አለኝ። «ከነከሰችሽ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ።» የጥያቄዬን መልስ ግን ራሴ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ማሽላ በሚያስቆርጥበት ካምፕ አንድ የቀን ሠራተኛ በውሻ ተነክሶ ነበር። ቁስሉ ድኖ ሰው ሁሉ ከረሳው በኋላ፣ አንድ ቀን ውሃ በጣሳ ሲሰጡት ጣሳውን አይቶ ጮኸ። በጥም እየተቃጠለ ከውሃ የሚሸሽ ሰው ያን ቀን አየሁ። አባቴ «ዞር በይ» አለኝ፤ አልዞርኩም። ምነው ዞሬ በሆነ። ያ ጩኸት ይኸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ትንሿ ውሻዬ ጨለማ ፈልጋ አልጋ ሥር ስትቀር፣ ምራቋ ሲዝረበረብ፣ እጄን ሰድጄ ልዳስሳት ስል ጥርሷን ስታሳየኝ፣ የማየው እሷን አልነበረም። ያንን ሰውዬ ነበር። አንድ ልቤ «መንጋጋዋ ስለቆሰለ ነው፣ ስለፈራች ነው» ይለኛል፤ ሌላው ልቤ «ተይ» ይለኛል። ሌሊት እዚያው አልጋ ላይ ከሷ በላይ እተኛለሁ። ቆላ ነውና ሰው ሁሉ ደጅ ያድራል፤ እኔ እንዳትወጣ በሩን ዘግቼ እየተቀቀልኩ አድራለሁ። እግሬን ከአልጋው ጠርዝ አላወርድም። የገዛ ውሻዬን ፈራኋት። እንደዚያ ያፈርኩበት ፍርሃት የለኝም።

ጥቂት ቀን ቆይቼ፣ ከውሃዋ ላለማምዳት ብዬ አቅፌ ወደ ዚሩ ወሰድኳት። ራኩባው ሥር እንደደረስን አንዲት ጠብታ ሳህኑ ላይ ጠብ አለች። ውሻዬ በእጄ ላይ እንደ ዓሣ ተገላበጠች፤ አፏ አረፋ ደፈቀ፤ እጅጌዬን ነክሳ ቀደደችና ወደ ቤት በረረች። ጥርሷ ቆዳዬን አልነካም፤ ደጋግሜ አየሁት።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ኖሯል። በመካከላችን ያለው የአገዳ አጥር ስለሆነ የሷን ሽንኩርት ቁሌት እኔ አሸታለሁ፣ የኔን ንጭንጭ እሷ ትሰማለች። ትንንሽ ልጆች አሏት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እታለም» አለችኝ፣ «ውሻሽ ውሃ ፈራች።»

«ውሃውን አይደለም። የተነከሰችበትን ቦታ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ። ውሃ ስትጠጣ ነው የተያዘች። ቤት ውስጥ ወተት ትልሳለች እኮ።»

«ወተት ውሃ አይደለም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጆቼ ደጅ ነው የሚተኙ። ሁለተኛው ገበያ እስኪውል እታገሣለሁ። በማግስቱ ውሃ ስትጠጣ በዓይኔ ካላየሁ፣ ባሌ ከእርሻ ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

ባሏ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቤት ገብቼ ብቻዬን ሰደብኳት፤ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ። ሲወጣልኝ ግን፣ ልጆቹ የኔ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ገበያም ባልታገሥኩ ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤ ይበልጥ አስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁለት ሆነ። ጧት ጧት ወደ መጋዘኑ እሄዳለሁ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ከሩቅ ቆሜ ያንን ትልቅ ውሻ አያለሁ። ሲያየኝ ሰንሰለቱን ስቦ ይነሳል፤ እኔ ግን አልሄድም። ሽማግሌው ውሃ በቆርቆሮ ያቀርቡለታል፤ ላፍ ላፍ አድርጎ ይጠጣል። ጠላቴ ውሃ ሲጠጣ እያየሁ «ጠጣልኝ፣ እደግልኝ» የምል ሰው ሆንኩ። ከተማው ውስጥ ዱላ የያዘ ሰው ወደ መጋዘኑ ሲያመራ ካየሁ፣ እንዳይገድልብኝ ተከትዬው እሄድ ነበር።

ሁለተኛው ሥራዬ ቤት ውስጥ ነበር። ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ መሬት ላይ እቀመጥና ሰፌድ ላይ ሰሊጥ እለቅማለሁ። አልጠራትም፤ አላያትም። ወተት የነካ እንጀራ ከጎኔ አኖራለሁ። መጀመሪያ እንጀራው ሲጠፋ እንኳ አልሰማም ነበር። እያደር ትንፋሽዋ ክንዴ ላይ ይሰማኝ ጀመር፤ እኔም ሳልዞር ሰሊጤን መልቀሜን እቀጥላለሁ። አንድ ቀን አፍንጫዋን ቀሚሴ ላይ ስታሳርፍ አለቀስኩ።

ውሃ ያለበት አሮጌ ጀሪካን፣ ክዳኑን አላልቼ እንዲያንጠባጥብ በርጩማ ላይ አጋደምኩት፤ ከሥሩ ሌላ ሳህን። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ ግድግዳ ልትቧጥጥ ደረሰች፤ ክዳኑን አጠበቅሁት። በነጋታው ትንሽ አላላሁት። ሌላ ቀን ደግሞ እንዲሁ። ኋላ ጆሮዋን አቁማ የምታዳምጠው ድምፅ ሆነ። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ሰሊጤን እየለቀምኩ፣ ከኋላዬ የምላስ ድምፅ ሰማሁ። ውሃ እየጠጣች ነው። ዞሬ ማየት ፈልጌ አልዞርኩም፤ ልጅ ሳለሁ ያልተማርኩትን አለማየት ያን ቀን ተማርኩ።

ዕለቱን ለጎረቤቴ ነገርኳት። «እኔ አላየሁማ» አለች። ወደ ቤቴ ገብታ እንድታይ ብጠይቃት፣ ውሻዬ ያለችበት ዝግ ቤት ውስጥ እግሯን እንደማታስገባ ነገረችኝ። ፈርዳብኝ አይደለም፤ ትፈራለች። ውሻዬን ወደ ደጅ ማውጣት የኔ ዕዳ ሆነ።

ሳህኑን ቀስ በቀስ ወደ ደጃፉ አስጠጋሁት። እስከ ደፉ መጣች። ከደፉ ወዲያ ክፍቱ በር ይታያል፤ ከደፉ ወዲያ አንዲት ጋት አልሄድ አለች። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሷ የባስኩ ነበርኩ። የአህያ ጋሪ በበሩ ባለፈ ቁጥር ብድግ ብዬ አፍሳት ነበር። ሽማግሌው አንድ ቀን ሊጠይቋት መጥተው ይህን አዩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ጋሪውን እሷ አላየችውም። አንቺ ስትደነግጪ አይታ ነው የደነገጠች።»

«አንቱ ውሻዎን በደንብ ቢያስሩት ኖሮ ማናችንም አንደነግጥም ነበር» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ወጡ። እውነት ተናግረው በመልካም አልመለስኩላቸውም፤ የፈራ ሰው ምላስ ክፉ ነው። ከዚያ ወዲያ ጋሪ ሲያልፍ እጄን ከቂጤ ሥር አድርጌ እቀመጥ ጀመር። እጄን ማሰር ቻልኩ፤ ዓይኔን ግን ማሰር አልቻልኩም። ወደ በሩ ይሄዳል።

ሁለተኛው ገበያ ዋለ። በማግስቱ ጧት ትልቁ ውሻ በደህና ነቅቶ ቆርቆሮውን ይልስ ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ ለጎረቤቴ ነገርኳት።

«እሰይ» አለች፣ ፊቷ ግን አልፈታም። «የሱ መጠጣት ምን ያደርግልኛል? ያንቺ ትጠጣ። ባሌ ማታ ይመጣል።»

ቀትር ላይ ሳህኗን ወደ ቦታዋ፣ ዚሩ ሥር መለስኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። የቤቱን ጀሪካን አጥብቄ ዘግቼዋለሁ፤ ከጧት ጀምሮ አልጠጣችም። ውሻዬ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ምላሷ ወጥቶ ጎኗ ይርገበገባል። ጠብ፣ ጠብ ይላል ዚሩ። ጆሮዋ ድምፁን ይሰማል፤ እግሯ ወደፊት ይልና ይመለሳል። እኔን ታያለች፤ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ በሩን ታያለች። ቀስ ብዬ ጠራኋት፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ወደኋላ አፈገፈገች። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይኸው ደረሰ አልኩ በሆዴ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤቴ ነበረች። ወደ ውስጥ ለመግባት ስለፈራች በሩ ላይ ቆመች፤ ልክ በክፍቱ መሃል። ወፍራም ሴት ናት፤ በሩን ሞላችው። በእጇ ረጅም ዱላ ይዛለች። ዱላውን መሬት ላይ ድው አደረገችው።

ውሻዬ ጆሮዋን አቆመች። አበቃ፣ አሁን ትሮጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሮጠችም። ጎረቤቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ዱላውን አየችው፤ ከጎረቤቴ ጎን የቀረ ክፍተት ካለ ብላ ይመስለኛል ግራና ቀኝዋን አየች። ክፍተት የለም። ደፉን ተሻገረች። በእኔ በኩል አልፋ፣ ጅራቷን በእግሮቿ መሃል እንደቀበረች፣ ሳህኗ ላይ አጎነበሰችና ጠጣች።

መተንፈስ ፈራሁ። እሷ ትጠጣለች፣ ዚሩ ይንጠባጠባል፣ ጠብታው ግንባሯ ላይ ያርፋል፣ እሷ ግድ የላትም።

«እታለም» አለች ጎረቤቴ ከኋላዬ በሹክሹክታ፣ «ልሂድ?»

«እንዳትነቃነቂ» አልኳት።

አልተነቃነቀችም። ዘወር ብዬ ባያት ዱላውን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ከውሻዬ አትነቅልም። ልትገድልብኝ የነበረችው ሴት፣ ውሻዬ ጠጥታ እስክትጠግብ ድረስ፣ እሷም እየፈራች በሬን ዘግታልኝ ቆመች። ማታ ባሏ መጣ፤ ምንም አልነገረችውም።

በነጋታው ቀትር ላይ ዱላዋን ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «መጠጣቷን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው።

ባለቤቴ ከምርት በኋላ፣ እንዳለው፣ በሩን በቆርቆሮ ሠራው። መሸጎሪያም አለው፤ እኔም ከልቤ አመሰገንኩት። ውሻዬ ግን ቆርቆሮውን አታምነውም። ቀትር ሲሆን ሳህኗ አጠገብ ቁጭ ትልና ሳትጠጣ የጎረቤቴን ዱላ ድምፅ ትጠብቃለች።