በበግ ሞራ የታሸው የጎማ መፍቻ

በ1974 ዓ.ም. ደባርቅ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የጭነት መኪኖች ጣቢያ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። በዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በፈቃዴ አይደለም። በኅዳር ወር ከጎንደር አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጎማ መፍቻ ተላከልን። ተረካቢው እኔ ስለ ነበርሁ፣ መመሪያውም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ «ተርጉመህ ለጥፍ፤ ስለ አያያዙም ተጠያቂው አንተ ነህ» ብሎ በደብዳቤ አዘዘኝ። በዚህ ደብዳቤ የተነሣ፣ አራት ወር ሳይሞላ፣ አሻጥረኛ ተብዬ ልታሰር ምንም ያህል አልቀረኝም።

መሣሪያው ከባድ ነው፤ በሁለት እጅ ካልያዙት ክንድ ይጠመዝዛል። ከሞተሩ ፊት ባለው ራስ ውስጥ መዶሻ አለ፤ ሲሽከረከር እየደጋገመ በመምታት የተጣበቀውን የጎማ ብሎን ዳዶ ያላቅቃል። ሊማሊሞን ወርዶ የወጣ መኪና የጎማ ዳዶው ስለሚጣበቅ፣ ቀድሞ ሁለት ሰው በብረት ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚፈታው። አዲሱ መፍቻ ይህን ሁሉ በአፍታ ይጨርሰዋል።

መመሪያውን ተርጉሜ በራሴ እጅ ጽሕፈት ጻፍሁና ከጄኔሬተሩ ሶኬት አጠገብ ለጠፍሁት። ዳዶው ላይ የሚገጠመውን ቡሶላ ከመለወጥህ በፊት ገመዱን ከሶኬት ንቀል። የሚያብረቀርቀውን የእጅ ቡሶላ አትጠቀም፣ ተሰብሮ ይፈናጠራል፤ ጥቁሩንና ወፍራሙን ተጠቀም። መነጽር አድርግ። ዳዶውን በእጅህ አስጀምር፤ የመጨረሻውንም ጥብቀት በእጅ ቁልፍ አረጋግጥ። ገመዱን ከዘይት፣ ከውኃና ከእሳት አርቅ። የመፍቻውን ራስ በየጊዜው ፈትተህ አጽዳ፤ ንጹሕ ግራሶ ቀባ። ዛሬም ቢሆን ከዚያ ጽሑፍ የምለውጠው ቃል የለኝም።

ዋና መካኒኩ የዳባት ሰው ነበሩ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ወረቀቱን ስለጥፍ ከኋላዬ ቆመው ለሠራተኞቹ፣ «እዩልኝማ! ጸሐፊው ለብረት ትእዛዝ ጻፈለት» አሉ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሳቸው ማንበብ እንደማይችሉ አውቅ ነበር፤ እንደማውቅም ያውቁ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት እንደምን አደሩ ብላቸው መልሳቸው ሳል ብቻ ሆነ።

በጥር ወር ግራሶ ሊጠይቁኝ ግምጃ ቤት መጡ። አንድ ጣሳ ነበረኝ።

«ቅጽ ይሙሉ» አልኋቸው።

«ሁለት ማንኪያ ነው እኮ የምልህ!»

«ሁለት ማንኪያም ቢሆን በቅጽ ነው የሚወጣው። ካልተመቸዎት እኔ እሞላለሁ፤ እርስዎ በጣትዎ ይፈርማሉ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ላንተ ብዬ ጣቴን ቀለም አልነክርም። ግራሶህን ፍትፍት አድርገህ ብላው!»

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ያንኑ አልኋቸው፤ ያንኑ መለሱልኝ። ሦስተኛ አልመጡም። መፍቻው ግን መሥራቱን ቀጠለ፤ ቅባቱን ከየት እንዳገኙም አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ።

የሁዳዴ ጾም ከተያዘ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ጋራዡ ስገባ፣ ዋና መካኒኩ መፍቻውን ከከሰል ምድጃ ጠርዝ ላይ አጋድመው ሲያሞቁት ደረስሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ብርዱ ያደርቀዋል። የደባርቅን ጧት አንተም ሳትሞቅ አትችለውም፤ ብረት ምን አጠፋ?»

ገመዱን አነሣሁት። የላስቲኩ ሽፋን በእሳቱ ቀልጦ የመዳቡ ክር ወጥቷል። ወለሉ ደግሞ መኪና ታጥቦበት ረጥቧል።

«ይህን ሶኬት ላይ ሰክቶ የሚይዝ ሰው ይሞታል» አልሁ።

«እስካሁን ማን ሞተ? ሲሞት ትጽፈዋለህ።»

መፍቻውን ተሸክሜ ግምጃ ቤት አስገባሁና ቆለፍሁበት። በሩ ላይም «ገመዱ እስኪለወጥ ድረስ አይሠራበትም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

በዚያን ዕለት ወደ ቆላው እህል የጫኑ መኪኖች ጎማ ለማስለወጥ ተሰልፈው ነበር። መካኒኮቹ «ጸሐፊው ይፍታው» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቆመና፣ «ጓዶች፣ የማምረቻ መሣሪያን ከሠራተኛው እጅ ነጥቆ መቆለፍ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀ።

«አሻጥር!» ብለው ቀድመው የጮኹት ዋና መካኒኩ ናቸው።

ስለ ገመዱ ልናገር ስነሣ ሊቀመንበሩ፣ «ጓድ፣ ገመድ ገመድ አትበል፤ ገመዱ ላንተም ይተርፋል» አለኝ። ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። ክሱ በዚያው ቀን ታትሞ ጎንደር ተላከ። በዚያን ዘመን «አሻጥር» የሚለው ቃል ከማኅተም ጋር የተጻፈበት ሰው ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችል ነበር። ባለቤቴ ወፍራም ካፖርቴን በከረጢት አድርጋ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

በሳምንቱ ከጎንደር አንድ መርማሪ መጣ። ቴክኒሻን ነው፤ ብዙ አይናገርም። አዲስ ገመድ ይዞ ስለ ነበር መጀመሪያ አሮጌውን አስለወጠና፣ የቀለጠውን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከዚያም ዋና መካኒኩን፣ «እንደ ወትሮው ይሥሩበት» አላቸው። ሠራተኛው ሁሉ ከቦ ቆመ። ከእኔ አጠገብ ግን የቆመ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ጎማ እያቃሰተ ተፈታ። ሁለተኛው ላይ መፍቻው ጋለ። በሦስተኛው የጥብስ ሽታ ጋራዡን ሞላው። ጾመኛው ሁሉ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ተራውን የሚጠብቅ አንድ እስላም ሾፌር ከመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ «እኔስ ጾም የለብኝም፤ እናንተ በሁዳዴ በግ የምትጠብሱት ምን ብትሆኑ ነው?» አለ።

«አያ፣ አገልግልዎ ይፈተሽ!» አለ ከመካኒኮቹ አንዱ።

«አፍህን ዝጋ!» አሉ ዋና መካኒኩ። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

መርማሪው መሣሪያውን አስቆመና፣ እኔ በለጠፍሁት ወረቀት እንደ ተጻፈው፣ አስቀድሞ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ። ይህን አልረሳሁም። የመፍቻውን ራስ ፈትቶ ሲከፍተው በመዶሻው ዙሪያ ግማሹ የረጋ፣ ግማሹ የቀለጠ፣ የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ስብ ተገኘ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሞራ ነው፤ የገና በግ ሞራ» አሉ ዋና መካኒኩ። «ጾም ስለ ሆነ በእጄ አልነካሁትም፤ በእንጨት ነው የቀባሁት። አባቴ ጠመንጃውን ዕድሜውን ሙሉ በሞራ ነው ያኖረው።»

«ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውለው፤ ይህ ግን ቀኑን ሙሉ ይመታል። ሞራው በብርድ ስለሚረጋ በእሳት ያሞቁታል፤ እሳቱ ገመዱን ያቀልጠዋል፤ ሲግል ደግሞ ሞራው ወደ ሞተሩ ይፈሳል። ግራሶ ለምን አልጠየቁም?»

«ጠይቄአለሁ፤ ሁለት ጊዜ።» በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ያው፣ እሱ ይናገር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መዝገቤ በብብቴ ሥር ነበር፤ በመዝገቡ ላይ የግራሶ ጥያቄ የሚባል የለም። ገልጬ ማሳየት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ካፖርቴ ከበሩ አጠገብ እንዳለ አሰብሁ።

«ጠይቀዋል» አልሁ። «ቅጽ ስላልሞሉ ከለከልኋቸው።»

«ግራሶ ነበረ?»

«ነበረ። ዛሬም አለ።»

ሊቀመንበሩ በደስታ አጨበጨበ። መርማሪው ረዘም ያለ ነገር ጻፈ። ዋና መካኒኩ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «እውነት ለመናገርም ቅጽ የሚያስፈልግህ መስሎኝ ነበር» አሉ። ምስጋና አልነበረበትም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

በዚያው ቀን ግራሶው ወጣ። ቅጹን እኔ ሞላሁ። ዋና መካኒኩ ያን ጊዜም ጣታቸውን ቀለም አልነከሩም፤ መርማሪው ስለ እሳቸው ፈረመ።

ውሳኔው ከፋሲካ በኋላ በሁለት ደብዳቤ መጣ። በእኔ ላይ የቀረበው የአሻጥር ክስ ማስረጃ ስላልተገኘለት ተሠርዟል፤ መፍቻውን መቆለፌ ተገቢ ሆኖ ሲገኝ፣ በእጄ የነበረውን ግራሶ በመከልከሌ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ዋና መካኒኩም መሣሪያውን ሞራ በመቀባታቸውና በእሳት በማሞቃቸው ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። የእሳቸውን ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ እንዳነብላቸው አዘዘኝና ጋራዡ ውስጥ ቆሜ አነበብሁላቸው። ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ከዚያም «ቀኑንም አንብበው፤ ቅጽህ እንዳይጎድልብህ» አሉኝ። ሚያዝያ 21 ቀን 1974 ዓ.ም. ይላል አልኋቸው።