ተመስገን፣ ተኝቼ ነው!

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ላይ ነው። ዓመቱን አልናገርም። ያኔ ዘመን የሚቆጠረው በስብሰባ ነበርና ቆጥሬ አልዘልቀውም። ነገሩን እንዳልረሳው ያደረገኝ የላይኛው ከንፈሬ ነው። በስተቀኝ በኩል አንድ ጣት የምታህል ቦታ ላይ ጢም እስከ ዛሬ አይበቅልም። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ያቺን ራሰ በራ ቦታ ሳይ ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴ “አበደ” ማለት ካቆመች ቆይታለች።

ሙያዬ ፀጉር አስተካካይነት ነው። በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ሱቄ ፒያሳ አካባቢ፣ ከልብስ ሰፊው ከአያ እንድሪስ ጋር በረንዳ የምንጋራባት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ለመተንፈስ ተራ የሚጠብቅባት ክፍል ነበረች። በምላጭ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም። ከሐርቡና ከደጋን ድረስ ጭንቅላታቸውን ይዘውልኝ የሚመጡ ነበሩ። የሚበር ዝንብ ጢሙን እላጨው ነበር ብል ትንሽ ብቻ ነው ያጋነንኩት።

አንድ ቅዳሜ ዕቃ ልገዛ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሻይ ቤት ገብቼ ሻይና ቦንቦሊኖ አዘዝኩ። ቦንቦሊኖውን አንድ ጊዜ ገመጥኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው በወሬ ነው። ዓይኔን ስገልጥ መሬት ላይ ተጋድሜያለሁ። ምላሴ ደምቷል፤ ሱሪዬ ርሷል፤ ራሴ በመዶሻ እንደ ተቀጠቀጠ ያመኛል። የማላውቃቸው ፊቶች ከበውኛል፤ አንዱ ክብሪት እየጫረ አፍንጫዬን ያጥነኛል።

“ነቃ! አልሐምዱሊላህ በሉ!” አሉ።

ቦንቦሊኖዬን ማን እንደ በላው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ ሐኪም አየኝ። መርምሮ መርምሮ፣ “ምክንያቱን አላገኘሁትም። አንድ ጊዜ የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ብቻ በደንብ ተኛ፤ እንቅልፍ ማጣት ጥሩ አይደለም” አለኝ። ድንገት ከወደቅኩ በጎኔ እንዲያስተኙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ፣ የክብሪቱ ጭስም እንደማይረባ ነገረኝ።

እኔም “ላይመጣ ይችላል” የሚለውን ይዤ መኪና ተሳፈርኩ። መኪናው ደሴ ሲደርስ “ሊመጣ ይችላል” ሆኖ ነበር። አንዲት “ላ” መንገድ ላይ “ሊ” ሆና ሰው እንደምታሳብድ ማን ያውቃል?

በማግስቱ ምላጬን ጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። የሰው ጉሮሮ ላይ ሆኜ ቢመጣብኝስ? ለደንበኞቼ “ምላጭ ጠፍቷል” አልኳቸው። በዚያ ዘመን ጠፋ ያልከው ነገር ሁሉ ይታመንልሃል። በመቀስ ብቻ ስሠራ ግን ገበያዬ ቀዘቀዘ። አያ እንድሪስ በየሳምንቱ እኔ ጋ ራሳቸውን በምላጭ የሚላጩ ሰው ናቸው። እውነቱን ስለሚያውቁ ሌላ ጋ አልሄዱም። ፀጉራቸው አደገ፤ ጎፈሬ ሆነ። በሁለተኛው ወር ቆባቸው ራሳቸው ላይ መቀመጡ ቀርቶ ይንሳፈፍ ጀመር።

እንቅልፌም ጠፋ። እንቅልፍ እንዳላጣ ስፈራ እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሙ አይረባም ያለውን ክብሪትም ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ፤ ኮምቦልቻ ያነቃኝ እሱ ነው ብዬ። ከቀበሌው ሕብረት ሱቅ እየተሰለፍኩ ለጎረቤት ሁሉ አደልኩ። “ከወደቅኩ ጫሩልኝ!” እላለሁ። አንድ ኪሴ ውስጥ ክብሪት፣ ሌላው ኪሴ ውስጥ ክብሪት። ስሄድ እንደ ጸናጽል እንኳኳለሁ።

አያ እንድሪስ ደረታቸውን መትተው፣ “አብሽር! እኔ ካለሁ ወላሂ መሬት ሳትነካ እጭርልሃለሁ” አሉኝ።

አንድ እሑድ ጠዋት የቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበናል። ተናጋሪው አዲስ የተመደበ ካድሬ ነው። “አንደኛ” ብሎ ሲጀምር “በመጨረሻም” የሚልበትን ቀን ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቆርቆሮው በፀሐይ ሞቋል። በግራዬ አያ እንድሪስ፣ ከኋላዬ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ተቀምጠዋል። “ስምንተኛ” ሲል ሰምቻለሁ።

ቀጥሎ ያየሁት የጦሳን ተራራ ነው። ጦሳ ከሱቄ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል፤ አንገቱ ላይ ጨርቅ አስሬለታለሁ፤ ጥዱን በመቀስ እከረክማለሁ።

በዚህ መሃል ከአግዳሚው ተንሸራትቼ ወለል ላይ ዘጭ አልኩ። አያ እንድሪስ “ወደቀ! ክብሪት!” ብለው ጮኹ። ክብሪት ያደልኩት ሰፈር በሙሉ አዳራሹ ውስጥ ነበርና አርባ ክብሪት በአንድ ጊዜ ተጫረ። የአርባ ክብሪት ድምፅ ደግሞ ሲሰሙት ሌላ ነገር ይመስላል። ካድሬው “ፀረ አብዮተኞች!” ብሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ። አርባው ክብሪት ሁሉ ወደ አንድ አፍንጫ መጣ። ጢሜ ተቀጣጠለ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጭስ። የከበቡኝ ፊቶች። የክብሪት ሽታ። ልክ እንደ ኮምቦልቻ! “መጣ” አልኩ በሆዴ፤ “በቃ፣ መጣ። ምላጩም ቀረ፣ እንጀራዬም ቀረ።”

አያ እንድሪስ ጢሜን በጋቢያቸው እያጠፉ የቀበሌውን ሊቀመንበር ይለምኑልኛል። “ጓድ፣ ይህ ልጅ ሕመምተኛ ነው። ጣለው እንጂ አልተኛም።” በስብሰባ ላይ መተኛት ያኔ ቀላል ጥፋት አልነበረም። ሊቀመንበሩም ራራ፤ “ቤቱ ውሰዱት፤ ከእንግዲህ ከስብሰባ ነፃ ይሁን” አለ። ከስብሰባ ነፃ መሆን! ግማሹ አዳራሽ በቅናት አየኝ። እኔ ግን ለቅሶ ሊቀድመኝ ነው።

ይኼኔ እትዬ ዘሀራ ከኋላ፣ “ምን ጣለው ትላላችሁ! ከ‘ዘጠነኛ’ ጀምሮ ያንኮራፋል” አሉ። “አሁን ደግሞ በእንቅልፉ ‘ጎንና ጎኑን ላሳጥረው?’ ብሎ ጠየቀኝ እኮ!”

አያ እንድሪስ ዞረው፣ “ዝም በይ አንቺ፣ ልታስበይው ነው?” አሉ በጥርሳቸው መሃል።

እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ። ጎንና ጎኑን? የጦሳን ጎን ነዋ! ሕልሙ ትዝ አለኝ። ምላሴን በጥርሴ ዳሰስኩ፤ ደህና ነው። ሱሪዬን ዳበስኩ፤ ደረቅ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አያምም። ከጢሜ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም!

ዘልዬ ተነሣሁ። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ተኝቼ ነው! ተመስገን፣ ተኝቼ ነው!”

“ኧረ አሞታል! ይቃዣል!” አሉ አያ እንድሪስ፣ ጎኔን እየቆነጠጡ።

“አላመመኝም አያ እንድሪስ! ለጥ ብዬ ነው የተኛሁት! እያንኮራፋሁ! እትዬ ዘሀራ፣ ይመስክሩልኝ!”

ካድሬው ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። “የእኔ ንግግር ነው የሚያስተኛህ?”

“ጓድ፣ ሁለት ወር እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሐኪም ያቃተውን እርስዎ አደረጉልኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ!”

አዳራሹ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ሳይቀር በወረቀት አፉን ሸፈነ። ካድሬው ግን አልሳቀም። እዚያው ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግ፣ አራት እሑድም አዳራሹን እንድጠርግ ፈረደብኝ። ያን የመሰለ ግለ ሂስ ደሴ ሰምታ አታውቅም። “እኔ ተኚው፣ እኔ አንኮራፊው” እያልኩ ራሴን ስወቅስ ሠርግ ላይ የማዜም ነበር የሚመስለው።

ከስብሰባው ስንወጣ አያ እንድሪስ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ቀጥ ብለው ሱቄ ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ቆባቸውን አነሡ። “በል፣ ላጨኝ። ራሴ ላይ በግ ሊሰማራ ነው።”

“አያ እንድሪስ፣ አሁን እንቅልፍ ነው። ነገ ቢመጣስ? ሐኪሙ እኮ...”

“ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ? ቃሉን እንዳለ ንገረኝ።”

“‘ላይመጣ ይችላል’ ነው ያለኝ።”

“ታዲያ ‘ላ’ ካለህ ምን ቀረህ? በዐረብኛ ‘ላ’ ማለት ‘የለም’ ማለት አይደል? አብሽር፣ ምላጩን አምጣው።”

መሳቢያውን ከፈትኩ። እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ክብሪት ይዘው ቆሙ፤ ለማንኛውም ብለው። ምላጩን መጀመሪያ ሳብ ሳደርገው ዓይኔ ክብሪቱ ላይ ነበር። በሁለተኛው ራሳቸው ላይ ሆነ። በሦስተኛው ማፏጨት ጀምሬ ነበር። የአያ እንድሪስ ራስ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ወጣ፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልነካውም።

በማግስቱ ወንበሩ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ካድሬው! ሌላ ፍርድ ሊጨምርብኝ የመጣ መሰለኝ። እሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ለማንም እንዳትናገር። ስናገር እኔንም ያንቀላፋኛል” አለኝ። አረፋውን ቀብቼው ሳልጨርስ ተኛ። ማንኮራፋቱ በረንዳው ላይ ተሰማ። አያ እንድሪስ ከስፌት መኪናቸው አንገታቸውን አስግገው፣ “ልጫርበት?” አሉኝ። ሳቄን አፍኜ እስከ ጉሮሮው ድረስ ላጨሁት።

ከዚያ ወዲህ ወድቄ አላውቅም። ያን ቅዳሜ ለምን እንደ ወደቅኩም እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ፍርሃቱ ጨርሶ ሄደልኝ ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ የማጋንነው በሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ቀን ድንገት ራሴን ካዞረኝ ልቤ ዘሎ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ይኼኔ ያቺን ጢም የማይበቅልባትን ቦታ በጣቴ ዳበስ አድርጌ “ላ!” እላለሁ፤ ልቤም ተመልሶ ይመጣል። ደግሞም ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ክብሪት አለ።

ሲጋራ አጭሼ አላውቅም።